ያየሁት ውበት ፎቶው ላይ ለምን የለም? የተፈጥሮ ፎቶዎን በቅንብርና በኤዲቲንግ የማሻሻያ መመሪያ

«ቦታው ላይ ቆሜ ሳየው እጅግ ያምር ነበር፤ ቤት ገብቼ ፎቶውን ስከፍተው ግን ያ ውበት የለም። ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ፎቶ ማንሳት ከጀመሩ ሰዎች በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ስመልስ አንዱን እያነሳሁ ሌላውን እየዘለልሁ ስለ ተቸገርሁ፣ መልሱን በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ።

የችግሩ ሥር ይህ ነው፦ ዐይን ይመርጣል፣ ካሜራ ግን አይመርጥም። ገደል አፋፍ ላይ የበቀለች አንዲት ዛፍ ቀልብዎን ስትስበው፣ አእምሮዎ በዙሪያዋ ያለውን ቁጥቋጦ፣ ከጎን የሚያልፈውን ሽቦና ከላይ ያለውን ባዶ ነጭ ሰማይ ወደ ጎን ትቶ እርሷን ብቻ ያሳይዎታል። ካሜራው ግን ከፊቱ ያለውን ሁሉ ሳያበላልጥ ይመዘግባል። ስለዚህ አእምሮዎ ሳይታወቅዎ ያደረገውን ምርጫ እርስዎ አስበው መድገም ይኖርብዎታል፤ አብዛኛውን ሲያነሱ፣ ቀሪውን ኤዲት ሲያደርጉ። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ምርጫ ለመፈጸም የሚያገለግሉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራ ወይም ስልክ። ለቅንብር (በፎቶው ውስጥ ምን የት እንደሚቀመጥ ለመምረጥ) ልምምድ አሁን በእጅዎ ያለው ይበቃል፤ አዲስ ካሜራ ለመግዛት አይቸኩሉ።
- ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)። በማለዳና በምሽት ብርሃን፣ እንዲሁም ለፏፏቴ እጅግ ይጠቅማል።
- ለስላሳ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ።
- ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅን የሚቀንስ መስታወት)፤ የግድ አይደለም፣ ነገር ግን በኤዲቲንግ ሊተካ የማይችል ሥራ ይሠራል።
- ትርፍ ባትሪና ትርፍ ሜሞሪ ካርድ።
- የኤዲቲንግ ፕሮግራም። በኮምፒውተር ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ላይትሩም በክፍያ ነው። በስልክ ደግሞ ስናፕሲድ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።
- ከኮምፒውተርዎ ወይም ከስልክዎ ሌላ፣ ዋናዎቹን ፎቶዎች በቅጂ የሚያኖሩበት ሃርድ ዲስክ።

ክፍል አንድ፦ ሲያነሱ

1. ካሜራውን ከቤት ሳይወጡ ያዘጋጁ። ካሜራዎ ወይም ስልክዎ በሮው ፋይል (ካሜራው የመዘገበውን ያልተሠራ መረጃ በሚይዝ ፋይል) ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ ያንን ይምረጡ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የጄፔግ ፋይል (የተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ዓይነት) ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን እርከኖች ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 12 ቢት ሮው 4,096፣ ባለ 14 ቢት ደግሞ 16,384 እርከኖች ይይዛል። በኋላ የጨለመውን ክፍል ሲያበሩት ወይም የሰማዩን ቀለም ሲያስተካክሉ፣ ይህ ትርፍ መረጃ ከሌለ ሰማዩ በመስመር በመስመር ይከፋፈላል፣ ጥላውም በነጠብጣብ ይሞላል። ከዚህ ጋር በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የፍርግርግ መስመር ያብሩ፤ ሌንሱንም ይጥረጉ። በተለይ የስልክ ሌንስ ላይ ያለ የጣት ቅባት ፎቶውን በሙሉ ጭጋግ ያለበሰው ያስመስለዋል፤ ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ካሜራው ጉድለት ቆጥረው ይጨነቁበታል።

2. ካሜራውን ከማንሳትዎ በፊት የፎቶውን ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ። «ተራራውን ላነሳ ነው» ማለት አይበቃም። «የጠዋት ጭጋግ ከተራራው ሥር ሲነሳ ላሳይ ነው» ካሉ ግን ምን ክፈፉ ውስጥ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚወጣ ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ጭጋጉና የተራራው ሥር ይገባሉ፣ ከእግርዎ ሥር ያለው መንገድ ይወጣል። ይህን ዐረፍተ ነገር ያስታውሱት፣ ከተቻለም ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ኤዲት ሲያደርጉ እያንዳንዱን ውሳኔ የሚመዝኑት በእርሱ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ካልመጣልዎት ፎቶውም ገና አልመጣምና ጥቂት ቆመው ይመልከቱ።

3. ብርሃኑን ይምረጡ። ፀሐይ በወጣች በመጀመሪያው ሰዓትና ልትጠልቅ ስትል ባለው የመጨረሻ ሰዓት ብርሃኗ ረጅም የአየር ንብርብር አቋርጦ ስለሚመጣ፣ ሰማያዊው ክፍል በመንገድ ላይ ተበትኖ ሞቃቱ ቀለም ይደርሰናል። ከቀለሙ ይልቅ ግን አቅጣጫው ይበልጣል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስታበራ እያንዳንዱ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ የሣር ዘለላ የራሱን ጥላ ይጥላል፤ ጠፍጣፋ የነበረው መሬት ጥልቀት የሚያገኘው በዚህ ጥላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ከእቃው ሥር ስለሚሸሸግ ሁሉም ነገር የተለጠፈ ይመስላል።

ሰማዩ ደመና ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ለአበባ፣ ለደን ውስጥና ለፏፏቴ የተሻለው ሰዓት ይህ ነው። ብቻ ነጩን ሰማይ ከክፈፉ ያስወጡት፤ ዐይን ሁልጊዜ ወደ ደማቁ ቦታ ስለሚሮጥ፣ ባዶ ነጭ ሰማይ ከአበባው ይቀድማል። እርጥብ ቅጠል ወይም ውሃ የሚያነሱ ከሆነ ፖላራይዘሩን እያዞሩ ይመልከቱ፤ ነጸብራቁ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ብቅ ይላል። ነጸብራቁ የሸፈነው ቀለም በፋይሉ ውስጥ ስለሌለ፣ ይህን ለውጥ የትኛውም ፕሮግራም በኋላ ሊያመጣው አይችልም። ሰማይን ለማጥቆር ሲሆን ፊልተሩ ይበልጥ የሚሠራው ፀሐይ በጎንዎ ስትሆን ነው፤ እጅግ ሰፊ በሆነ ሌንስ ግን የሰማዩን ግማሽ አጥቁሮ ግማሹን ስለሚተወው ያን ጊዜ ቢያወልቁት ይሻላል።

4. ዙም ከማድረግዎ በፊት በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ዙም ክፈፉን ያጠብባል እንጂ ነገሮች እርስ በርሳቸው ያላቸውን አቀማመጥ አይለውጥም፤ እሱን የሚለውጠው የቆሙበት ቦታ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ቢሄዱ ዛፉን ይሸፍነው የነበረው ቅርንጫፍ ይለቅልዎታል። ከፍታም እንዲሁ ነው። ወፍን፣ እንስሳን ወይም ዝቅ ያለ አበባን ቆመው ካነሱ ዳራው ከሥሩ ያለው መሬት ይሆናል፤ ተንበርክከው ወይም ተኝተው በዐይኑ ልክ ካነሱት ግን ከኋላው የሚታየው ሩቅ ያለው ቦታ ስለሆነ ዳራው ይደበዝዛል፣ እንስሳውም ከዳራው ተለይቶ ይወጣል። ከዚህም በላይ ተመልካቹ እንስሳውን ከላይ ቁልቁል ማየቱ ቀርቶ ፊት ለፊት ይተያያል። አንድ ነገር ብቻ ነገ እንዲለውጡ ብጠየቅ ይህን እመርጥ ነበር።

5. ዳራውንና አራቱን ጠርዞች ይፈትሹ። ጀማሪና ልምድ ያለው ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ጀማሪው ወፏን ብቻ ያያል፤ ልምድ ያለው ሰው ግን ወፏን አይቶ ሲያበቃ ዐይኑን በክፈፉ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያዞረዋል። የሚፈለጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ከጠርዝ ገባ ያለ ቅርንጫፍ ወይም ሣር፣ ከእንስሳው ራስ የበቀለ የሚመስል ግንድ፣ በአንገቱ የሚያልፍ የአድማስ መስመር፣ በዳራው ውስጥ ያለ ትንሽ ደማቅ ነጥብ፣ በግማሽ የተቆረጠ ድንጋይ ወይም እግር።

እኔ ራሴ አንዲት ወፍ ውሃ ስትጠጣ ለማንሳት ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቼ ጠብቄ፣ ወፏ መጥታ፣ ፎከሱም ተሳክቶ፣ ቤት ገብቼ ስከፍተው በቀኝ ጠርዝ በኩል አንድ የደረቀ ሰንበሌጥ በፎቶው ላይ አቋርጦ አገኘሁት። ያን ሁሉ ሰዓት ስጠብቅ ሰንበሌጡ ከፊቴ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ማጎንበስ እችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚጠበቀው እንስሳ ከመምጣቱ በፊት ባዶውን ክፈፍ አንድ ጊዜ አንስቼ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ መፈተሽ ልማዴ አድርጌዋለሁ። ባዶው ክፈፍ ንጹሕ ካልሆነ እንስሳው ሲገባበት ንጹሕ አይሆንም።

6. ዋናውን ጉዳይ በክፈፉ ውስጥ ያስቀምጡ። የፍርግርጉ መስመሮች ክፈፉን በአግድምም በቁመትም ለሦስት ይከፍሉታል፤ መስመሮቹ የሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች ለዋናው ጉዳይ ጥሩ መነሻ ቦታዎች ናቸው። ከመካከል ዘወር ያለ ነገር ተመልካቹን ከጉዳዩ ወደ አካባቢው፣ ከአካባቢውም ወደ ጉዳዩ ያመላልሰዋል። አድማሱን በላይኛው ወይም በታችኛው ሦስተኛ መስመር ላይ ያድርጉት፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ዐረፍተ ነገርዎ ነው፤ ስለ ደመናው ከሆነ አድማሱ ይውረድ፣ ስለ መሬቱ ከሆነ ይውጣ። የሚመለከት ወይም የሚንቀሳቀስ እንስሳ ከፊቱ ሰፋ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ከግድግዳ ጋር የተላተመ ይመስላል። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ ሲያነሱ ግን ሕጉን ይተዉት፤ አድማሱ መካከል ላይ ሲሆን ላይና ታቹ ይመጣጠናል።

ለሰፊ መልክዓ ምድር ከፊት የሚታይ አንድ ነገር ይፈልጉ፤ ድንጋይ፣ የአበባ ዘለላ፣ የጅረት መታጠፊያ ሊሆን ይችላል። ሩቅ ያለው ተራራ ትልቅነቱ የሚታወቀው ቅርብ ያለ ነገር ሲኖር ነው። ወደ ውስጥ የሚሄድ መስመር ካገኙ፣ ለምሳሌ የወንዝ ዳር ወይም የእግር መንገድ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርስ መሆኑን ያረጋግጡ። ተመልካቹን መርቶ ከክፈፉ የሚያስወጣ መስመር ባይኖር ይሻላል።

7. ጥርትነቱን ያረጋግጡ። ለመልክዓ ምድር ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ያለው አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። እስከ ኤፍ 22 መዝጋት የበለጠ የሚያጠራ ይመስላል፣ ነገር ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። ለእንስሳ ፎከሱን በቅርብ በኩል ባለው ዐይን ላይ ያድርጉ፤ ዐይኑ ከጠራ ክንፉና ጅራቱ ቢደበዝዙም ፎቶው ይቆማል። በእጅ ይዘው ሲያነሱ የሹተሩ ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ቢያንስ ከሌንሱ የፎካል ርዝመት፣ ማለትም በሚሊሜትር ከሚገለጸው ቁጥር ጋር ይመጣጠን፤ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ 1/200 ሰከንድ ማለት ነው። ለሚበር ወፍ እስከ 1/2000 ሰከንድ ያድርሱት፣ ለዚህም አይ.ኤስ.ኦውን (የካሜራውን የብርሃን ትብነት) ከፍ ያድርጉ። ከፍ ባለ አይ.ኤስ.ኦ የሚመጣው ነጠብጣብ በኋላ ሊቀነስ ይችላል፣ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፎቶ ግን አይመለስም። ፏፏቴውን እንደ ሐር ለማለስለስ ትራይፖድ ላይ ከግማሽ እስከ 2 ሰከንድ ይሞክሩ፤ ጣትዎ ካሜራውን እንዳያናውጠው የ2 ሰከንድ ቆጣሪውን ይጠቀሙ።

8. የብርሃኑን መጠን በሂስቶግራም (የፎቶው ጨለማና ደማቅ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ በሚያሳየው ግራፍ) ይመልከቱ። የካሜራው ስክሪን በፀሐይ ሥር ጨለማ፣ በጨለማ ደግሞ ደማቅ ስለሚመስል ያታልላል። ሂስቶግራሙ ግን አያታልልም፤ ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ ነው። ጉብታው በቀኝ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ከተቆረጠ ያ ክፍል ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ምንም ዝርዝር ስላልተመዘገበበት ኤዲቲንግ አያድነውም። የኤክስፖዠር (የፎቶው ጠቅላላ ድምቀት) ማስተካከያውን ወደ -0.7 ወይም -1 ዝቅ አድርገው ደግመው ያንሱ። በተቃራኒው ነጭ ወፍ ወይም በረዶ ክፈፉን ሲሞላው ካሜራው ሁሉን ወደ አመድማ ስለሚያወርደው ወደ +1 ከፍ ማድረግ ይገባል። በስልክ ሲሆን ደማቁን ቦታ በጣት ነክተው የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ይጎትቱ።

9. ቦታውን ከመልቀቅዎ በፊት በቁመትም በአግድምም ያንሱ፣ አንዱን ደግሞ ጥቂት ሰፋ አድርገው ያንሱት። ያዘነበለ ፎቶ ሲቃና ጠርዞቹ ስለሚቆረጡ ይህ ትርፍ ቦታ ያስፈልጋል።

ክፍል ሁለት፦ ኤዲት ሲያደርጉ

10. በመጀመሪያ ቅጂ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይምረጡ። ከአንድ ቦታ ካነሷቸው 40 ፎቶዎች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይውሰዱ። ሲመርጡ መጀመሪያ በትንሹ ይመልከቷቸው፤ በጥፍር ልክ ሆኖ የሚያምር ፎቶ ቅንብሩ ጠንካራ ነው። የስክሪኑን ብርሃንም አስቀድመው ይቀንሱ፤ ነጭ ገጽ በክፍሉ ውስጥ እንዳለ ወረቀት ሊመስል ይገባል። ስክሪኑ ከልክ በላይ ካበራ ሳያውቁት ፎቶውን ያጨልሙታል።

11. ያቃኑ፣ ከዚያ ይከርክሙ። ይህ የሚቀድመው በኋላ በሚቆረጥ ጠርዝ ላይ ጊዜ እንዳያባክኑ ነው። መከርከም ዋጋ አለው፦ 6000 በ4000 ፒክስል የሆነን ፎቶ በቁመትም በወርድም በግማሽ ቢከረክሙት 3000 በ2000 ይቀራል፤ ከ24 ሜጋፒክስል ወደ 6 ወረደ ማለት ነው። በኢንች 300 ፒክስል ለማተም ይህ 25 ሴንቲሜትር ያህል ወርድ ብቻ ይሰጣል። ለስክሪን ይበቃል፣ ለትልቅ ኅትመት ግን አይበቃም።

12. ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን ቀለም ሙቀትና ቅዝቃዜ) ያስተካክሉ። የቀን ብርሃን ወደ 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ይጠጋል፤ ጥላ ውስጥ የተነሣ ፎቶ ሰማያዊ ስለሚሆን እስከ 7,000 ወይም 8,000 ድረስ ማሞቅ ሊፈልግ ይችላል። ነገር ግን የማለዳን ብርድ ለማሳየት ካነሱት ሰማያዊውን ፈጽመው አያጥፉት። ዐረፍተ ነገርዎን ያስታውሱ።

13. ብርሃኑን በዚህ ቅደም ተከተል ያስተካክሉ፦ መጀመሪያ ጠቅላላውን ኤክስፖዠር፣ ቀጥሎ ሃይላይቱን (ደማቁን ክፍል) ዝቅ፣ ከዚያ ሻዶውን (ጥላውን ክፍል) በጥቂቱ ከፍ፣ በመጨረሻ ጥቁሩን ነጥብ ጥቂት ዝቅ። የመጨረሻው በብዙዎች ይረሳል። በፎቶው ውስጥ በእውነት ጥቁር የሆነ ትንሽ ቦታ ከሌለ ምስሉ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ጥላውን ሁሉ አውጥተው አይጨርሱት፤ በደረጃ 3 ጥልቀትን የሰጠን ያው ጥላ ነበርና።

14. ቀለሙን በእርጋታ ይንኩ። ሳቹሬሽን ሁሉንም ቀለም እኩል ሲያጋንን፣ ቫይብራንስ ደብዘዝ ያሉትን አስቀድሞ ስለሚያነሣ ለተፈጥሮ ይሻላል። አረንጓዴው ሣር እንደ ፕላስቲክ ካበራ አረንጓዴውን ብቻ ለይተው ይቀንሱት። እኔ የምከተለው ልማድ የሚበቃኝን ያህል ጨምሬ ከዚያ ግማሹን መመለስ ነው።

15. ከጠቅላላው ይልቅ በየክፍሉ ይሥሩ። የተለመደው ፎቶ የሚለወጠው እዚህ ነው። በብሩሽ ወይም በማስክ (ለውጡ የሚያርፍበትን ቦታ ለይቶ በሚወስን መሣሪያ) ዋናውን ጉዳይ ብቻ ጥቂት ያብሩ፣ ዐይንን የሚጎትቱ ጠርዞችንና ደማቅ ነጥቦችን ዝቅ ያድርጉ፣ ሰማዩን ለብቻው በግራዲየንት (ቀስ በቀስ በሚደበዝዝ ማስክ) ያስተካክሉ። ዐይን ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከደብዛዛ ወደ ጥርት ያለ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ በክፈፉ ውስጥ ከሁሉ ደማቅ ወይም ከሁሉ ጥርት ያለ ሲሆን ተመልካቹ ሳይነገረው ያገኘዋል። ለውጡ በጣም ጥቂት ይሁን፤ ማስኩ የት እንደ ተጀመረ ከታየ በዝቷል።

16. ያጽዱና ያጥሩ። በሰማዩ ላይ ያሉ የአቧራ ነጥቦችን ያስወግዱ፤ ነጠብጣቡን ቀንሰው ሲያበቁ ሻርፕ ያድርጉ (የነገሮችን ጠርዝ ያጉሉ)። ተራው ከተገለበጠ ነጠብጣቡን ራሱን ያጠሩታል። ሁለቱንም ፎቶውን 100 በመቶ አጉልተው ይሥሩ።

17. ፋይሉን ዘግተው በማግስቱ ይክፈቱት። ዐይን ለተጋነነ ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለምድ፣ ማታ የሚያምረው ጠዋት ይከብዳል። ካስተካከሉት በኋላ ለስክሪን በረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል፣ በኤስ.አር.ጂ.ቢ (ለስክሪን የተለመደው) የቀለም ዓይነት፣ ከ80 እስከ 85 በመቶ ጥራት ባለው ጄፔግ ያውጡት።

ጥንቃቄ

የመመልከቻ ቀዳዳው ትዕይንቱን በመስታወት በኩል በቀጥታ በሚያሳይ ካሜራና በረጅም ሌንስ ፀሐይን በቀጥታ አይመልከቱ፤ ዐይንን ለዘለቄታው ይጎዳል። በስክሪን ቢያነሱም ሌንሱን በፀሐይ ላይ ደቅነው አይቆዩ።

ካሜራውን ዐይንዎ ላይ አድርገው አንድም እርምጃ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን አይሂዱ። ገደልና እርጥብ ድንጋይ ባለበት መጀመሪያ ይቁሙ፣ ከዚያ ይመልከቱ።

እንስሳው ሥራውን አቋርጦ እርስዎን መመልከት ከጀመረ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ይበሉ። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ለማንሳት ቅጠል አይግለጡ፤ ወላጆቹ ሊተዉት ይችላሉ፣ አዳኝም ያየዋል። በአደን የሚጠፋ እንስሳ ካነሱ ፎቶውን ለሌላ ከመስጠትዎ በፊት በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበውን የጂ.ፒ.ኤስ ቦታ ያጥፉ።

ፎቶዎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጣቸውን በዐይንዎ ሳያዩ ሜሞሪ ካርዱን ፎርማት አያድርጉ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

በተራራውና በሰማዩ ድንበር ላይ ነጭ ክር ከታየ ሻርፑ ወይም ክላሪቲው (ዝርዝሩን የሚያጎላው ማስተካከያ) በዝቷል፤ ግማሹን ይመልሱ።

ውሃው ወደ አንድ ጎን የሚፈስስ ከመሰለ አድማሱ አዘንብሏል። አንድ ዲግሪ እንኳ በውሃ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የስልኩን ዲጂታል ዙም መጠቀም ራሱ መከርከም ነው፤ በጣትዎ ከሚያቀርቡት ይልቅ ሰፋ አድርገው አንስተው በኋላ ቢከረክሙ ምርጫው በእጅዎ ይቆያል።

«በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ማንሳት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚያባክን ስሕተት ነው። በሜዳ ላይ በ5 ሰከንድ የሚጎነበስ ሰንበሌጥ በኮምፒውተር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ የወፏን ክንፍ አቋርጦ ካለፈ ደግሞ ክንፉን ሳያበላሹ ሊያነሡት አይችሉም።